የዶልባ ደገኞች እንግዳን ለምን «ቆየህ» ይሉታል

በዶልባ ደጋ፣ ቀርከሃው ጥቅጥቅ ብሎ በሚበቅልበትና ጉሙ ከእኩለ ቀን በፊት እምብዛም በማይገለጥበት በዚያ ተራራ፣ ለእንግዳ የሚሰጠው ሰላምታ ከሌላው አገር ይለያል። ከቆላው ተነስቶ ዳገቱን ሲያያዘው የዋለ መንገደኛ ነፋስ በር ከሚባለው ጠባብ ማለፊያ ላይ ሲደርስ፣ እዚያ ዘንጉን ተደግፎ የቆመ ሽማግሌ ወይም የእንሰት ቅጠል ተሸክማ የምታልፍ ሴት ስሙን ሳትጠይቀው፣ ከየት መጣህም ሳትለው፣ «ቆየህ» ትለዋለች። በአገሬው ቋንቋ አንዲት አጭር ቃል ናት፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንዱም ለብዙውም ሳትለወጥ የምትነገር። ወደ አማርኛ ስትመለስ ግን ከዚህ የሚቀርባት አልተገኘም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ የወጡ የከብት ክትባት ሠራተኞች፣ አዲስ የተመደቡ መምህራን፣ አገር ለማየት የመጡ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። «ኧረ እኔ እዚህ አገር መጥቼ አላውቅም፣ ከሌላ ሰው ጋር አምታታችሁኝ» የሚሉ አሉ። ሰላምታ ሰጪው አይከራከርም፤ የሚጠበቀውን መልስ እስኪሰማ ዝም ብሎ ይቆማል። መልሱም «መንገዱ ነው» የሚል ነው፤ ያዘገየኝ መንገዱ ነው እንደ ማለት። እንግዳው ይህን ካለ ሸክሙን ይቀበሉትና ወደ መንደር ይዘውት ይገባሉ።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ የዶልባ ሽማግሌዎች ወሬውን የሚጀምሩት ዳሮቴ ከምትባል ሴት ነው። ዘመኑን ቆርጦ የሚናገር የለም። ሰው እንደ ከብት ለገበያ ይቀርብ የነበረበት ክፉ ዘመን እንደነበር ብቻ ይነገራል።

ዳሮቴ የተወለደችው ከነፋስ በር በስተጀርባ ባለው መንደር፣ ከሁሉም ጫፍ ላይ በቆመው ቤት ነው ይባላል። ዎልቃ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ልጁ የወተት ጥርሱን ገና ነቅሎ ሳይጨርስ፣ አንድ የገበያ ቀን አባቱን ተከትሎ ጨው ለማምጣት ወደ ቆላ ወረደ። ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ፈረሰኞች ገቡበትና አገር ምድሩ ተደበላለቀ። አባትየው የልጁን እጅ ጨብጦ ሲሮጥ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ብድግ ሲል እጁ ባዶ ነበር። ቆላውን ሲያስስ ከርሞ ብቻውን ተመለሰ፤ ከተመለሰም በኋላ ብዙ አልኖረም። እናትየው ግን ዕድሜ ሰጥቷት ሰንብታለች። ማምሻውን በሩን ከመዝጋቷ በፊት ወደ ደጅ ብቅ ትልና ጉሙን ታየዋለች። አትጣራም፣ አታለቅስም፤ አይታ አይታ ትዘጋዋለች። እሷም በተራዋ ስትሞት በር መዝጋቱ ለዳሮቴ ተረፈ።

ዳሮቴ በወጣትነቷ ከማዶ ሸንተረር ካለ መንደር አግብታ ነበር። ባሏ በበሽታ ሞተባት፣ የወለደቻቸውም አላደጉላትም፤ ስለዚህ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። የዶልባ ቤት ከቀርከሃ የሚጎነጎን፣ ከላይ ሾጠጥ ያለ ረጅም ቤት ነው፤ ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር የበሰበሰውን ይቆርጡለትና ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል። የዳሮቴ ቤት በአባቷ ጊዜ ሰው በበሩ ቀና ብሎ ይገባ እንደነበር ይነገራል። እሷ ባረጀችበት ጊዜ ግን ጎንበስ ሳይሉ የማይገቡበት ሆኖ ነበር፤ አዲስ የሚሠራላት ወንድ በቤቱ አልነበረምና። የአጎቷ የልጅ ልጅ ኦይቻ አልፎ አልፎ እንጨት ይፈልጥላታል። ኦይቻ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ልጆቹ ብዙ፣ መሬቱ ትንሽ ነበር፤ ዳሮቴ ስትሞት የእንሰት ጓሮዋ በዘር ሐረግ ወደሱ እንደሚዞር እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ስለዚህ እንጨቱን ፈልጦ ሲያበቃ ሁለቱም የሚናገሩት ያጣሉ።

ብቸኝነቷ እንዲህ ያለ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። ሰው አይጠላትም፤ በበዓል ድርሻዋን ይልኩላታል፣ ስትታመም ይጠይቋታል። ነገር ግን ጉም በወረደ ቀን ከቤቷ እስከ ጎረቤት ያለው ሜዳ ጭራሽ ይጠፋና የሰው ድምፅ ሳትሰማ ትውላለች። ከእንሰቶቿ ጋር ማውራት የጀመረችው ያኔ ነው። አንዳንዱን እንሰት በስም ትጠራው ነበር ይባላል።

ገብስ ሊታጨድ በተቃረበበት ወራት፣ አንድ ሽበታም ሰው ከቆላ ወጣ። በቅሎ የለው፣ የሚሸጥ ዕቃ የለው፤ ትከሻው ላይ አንድ አሮጌ ስልቻ ብቻ ነበር። ነፋስ በር ላይ ቅጠል ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች አገኙት። ከብዙ ተራራ በለቃቀመው ቋንቋ እየተንተባተበ ሰላምታ ሰጣቸውና፣

«እናቶቼ፣ ከእናንተ ዘንድ ድሮ የጠፋ ልጅ አለ?» ሲል ጠየቃቸው።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ጤና የጎደለው መስሏት ወደኋላ አለች። ሌላዋ ግን የሰውየውን ፊት ካየች በኋላ በአገጯ ወደ መንደሩ ጫፍ አመለከተችው። «ከዚያ ቤት ጠይቅ» አለችው።

ዳሮቴ ጓሮ ሆና የእንሰት ሥር ስትፍቅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች። እንግዳ ከመጣባት ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበርና ለሌላ ቤት የተጣሩ መሰላት። ድምፁ ሲደገም እጇን ጠራርጋ ወጣች። የማታውቀው ሰው ነው። በዶልባ ወግ እንግዳ ሳይበላ ምን አመጣህ አይባልም፤ አስገባችው፣ እሳት ዳር አስቀመጠችው፣ ቆጮ በጎመን አቀረበችለት፣ በቅል ውኃ ሰጠችው። ቀስ ብሎ በላ። በልቶ ሲያበቃ ቅሉን በሁለት እጁ መለሰላትና አቀርቅሮ ተናገረ።

«የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው እናቴ። ድሮ ልጅ ጠፍቶባችሁ እንደነበር ሰማሁ።»

ዳሮቴ የተቀበለችውን ቅል መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ወንድሜ ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ ስንት ዘመኑ! «ወሬውን ይዘህልኝ መጣህ?»

«ወሬ የለኝም። እኔም የጠፋሁ ልጅ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷ ራሷ ለጎረቤቶቿ እንደተናገረችው ነው የሚተረከው። ሰውየው ገበየሁ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ያሳደጉት ነጋዴ ናቸው፤ ከማን እንደገዙት አልነገሩትም፤ ከየት አገር እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ከተራሮቹ» ይሉት ነበር እንጂ ሌላ አያውቁም። እሳቸው ሲሞቱ ነፃ ሆነ። በቅሎ እየጫነ አገር ለአገር ዞረ፤ አግብቶ ነበር፣ ሚስቱ ቀደመችው። ሽበት ሲወረው ግን አንድ ሐሳብ ያዘውና አልለቅ አለው። ከአንዱ ተራራ ወደ አንዱ ተራራ እየወጣ የጠፋ ልጅ ነበራችሁ ወይ እያለ መጠየቅ ጀመረ። በአንዱ አገር ሌባ ነው ብለው አሳደዱት። በሌላው ሳቁበት። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አንዲት አሮጊት እናት ገና እንዳየችው እሪ ብላ አቀፈችው፤ አልቅሳ አልቅሳ ልጇ ጆሮ ግንድ ላይ የነበረውን ጠባሳ በጣቷ ፈለገች፤ ስታጣው እጆቿን ቀስ ብላ አነሳች።

«ቀስ ብላ ነው የለቀቀችኝ» አለ ገበየሁ። «ገፍትራኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ዳሮቴ እሳቱን ቆሰቆሰችው። ዎልቃ ጠባሳ አልነበረውም፤ ምልክት ብላ የምታውቀውም ነገር የለም። ልጅ ነበር፣ እንደማንኛውም ልጅ። «የምታስታውሰው አለ?» አለችው።

«ጉም። ፊቴን ሲያረጥበው። ቀርከሃ ነፋስ ሲመታው የሚያሰማው ጩኸት። ከዚህ ጋር ደግሞ ወንዝ። ትልቅ ወንዝ ነው፣ ከቤታችን ሥር። እሱ ሲያገሳ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ዳሮቴ ቀና ብላ አየችው። በዶልባ ወንዝ የለም። ከድንጋይ ሥር የሚፈልቁ ምንጮች አሉ፤ ድምፃቸውም ጎንበስ ካላሉ አይሰማም። ሰውየውም ፊቷን አነበበው።

«ስወጣ አይቻለሁ» አለ። «እዚህ ወንዝ የለም፣ አይደል?»

«በክረምት ጎርፍ አለ» አለች ዳሮቴ። «ከበሩ በታች ያለው ሸለቆ ክረምት ሲሆን ይጮኻል።»

ገበየሁ ፈገግ አለ፤ ለእሱ ብላ እንደተናገረች ገብቶት ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብሎ ስልቻውን አነሳ። እሷ ግን በዚያ ጉም ዳገት ለሚወርድ ሰው ሌሊቱ እንደማይሆን ነግራው ከምድጃው ማዶ ቆዳ አነጠፈችለት። ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ዳሮቴ በሩን ልትዘጋ ሄደችና እንደልማዷ ወደ ደጅ ብቅ አለች፤ ዞር ብላ ግን ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ሰው እንዳለ ሰማች። ለረጅም ጊዜ በሩ ላይ ቆመች ይባላል።

በዶልባ ሥርዓት መንገደኛ እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ይስተናገዳል፤ ከዚያ በኋላ ስንቅ ይቋጠርለትና እስከ ወሰን ይሸኛል። በተራራው ላይ መኖር የሚችለው ወገን ያለው ሰው ብቻ ነው። ወገን ነኝ የሚል ቢመጣ፣ ዘመዴ ነው የሚል ሰው አደባባይ ላይ እርጥብ ሣር ጨብጦ ይመሰክርለታል። እርጥብ ሣር ጨብጦ የዋሸ እንደሆነ ግን ቅጣቱ በሱ ብቻ አይቀርም፤ በረዶ ወርዶ የሁሉንም ገብስ ያነጥፈዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ገብሱ ደግሞ ያን ጊዜ ቢጫ ሆኖ ማጭድ ይጠብቅ ነበር።

የገበያው ቀን ሲደርስ ሰው ሁሉ ከዝግባው ሥር ተሰበሰበ። ሸንጎውን የሚመራው፣ በእነሱ አጠራር ሀላቃ የሚሉት፣ ኤርሳ የሚባል ጎበጥ ያለ አዛውንት ነበር። ገበየሁ ከእንግዶች ድንጋይ ላይ ስልቻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማንም ምን እንዲል አልጠየቀውም ነበር፤ ራሱ ተነስቶ የሚያውቀውን ነገራቸው። የእናንተ ነኝ አላለም። ሊሆን ይችላል ብሎ ጠየቀ እንጂ።

ኦይቻ ተነሳ። ጋቢውን አደግድጎ፣ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ።

«አባቶቼ፣ እኔ ይህን ሰው አልጠላውም። ከተራራው ላይ ግን አንድ ሰው ቢጨመር ከሁላችንም ቁርስ ላይ ነው የሚበላው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቀው። የተወለድክበት ቤት ሥር ምን ነበር አልክ?»

«ወንዝ» አለ ገበየሁ።

«ታላቅ ወንዝ?»

«አዎ።»

ኦይቻ ሌላ አልጨመረም። ዞር ብሎ ሕዝቡን አየና ተቀመጠ። ከሰዉ መሃል አንዳንዱ መሬት መሬቱን አየ። ነገሩ ያለቀ መሰለ፤ ስንቅ የሚቋጥሩ ሴቶችም ብድግ ማለት ጀመሩ።

ኤርሳ ግን ሥርዓቱ እንዳይጓደል ብሎ «ዳሮቴ፣ ነይ ሣሩን ያዢ» አለ።

ዳሮቴ ወጣች። ጠል ያረጠበውን ሣር አስጨበጧት። «ይህ ሰው የእናትሽ ልጅ ዎልቃ ነው?» አላት ኤርሳ።

ዳሮቴ ከሽማግሌዎቹ ራስ በላይ የገብሱን ማሳ አየችው። የእሷ አይደለም፤ የእሷ ጓሮ እንሰት ብቻ ነው። ግን በእያንዳንዱ ማሳ ውስጥ ማን እንዳለ፣ የማን ልጅ ከየትኛው እንደሚበላ ታውቃለች። አዎ ብትል ትዋሻለች፤ ቢያንስ እውነት መሆኑን አታውቅም። አይደለም ብትል ሰውየው ስልቻውን አንግቶ ወደ ሌላ ተራራ ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ አንድ ቀን ስሙን በማያውቁ ሰዎች ደጅ ላይ ይወድቃል። ዎልቃም እንዲሁ ሆኖ ይሆናል። ምናልባት እሱም በአንዱ አደባባይ በአንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት የማያውቃት ሴት አፍ አፏን ሲያይ ነበር።

ኤርሳ ጥያቄውን ሊደግም ከንፈሩን አላቀቀ። ያኔ ዳሮቴ ጎንበስ ብላ ሣሩን መሬት ላይ አኖረችው። አልጣለችውም፤ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ አድርጋ አኖረችው። ከዚያም አደባባዩን ተሻግራ ወደ እንግዶች ድንጋይ ሄደች። ገበየሁ እንደመጣችበት ሲያይ ተነስቶ ቆመ።

«ቆየህ» አለችው።

ሰውየው ፊቷን ፈተሸው። ወንድሜ ነህ እንዳላለችው ገብቶታል። ሂድም እንዳላለችው ገብቶታል። እስከዚያች ቀን ድረስ «እርስዎ» ሲላት የነበረው ሰው፣

«መንገዱ ነው፣ እህቴ» አላት።

ኦይቻ ተነስቶ «አልማለችም! ሣሩን አስቀምጣለች!» አለ።

«አዎ፣ አልማለችም» አለ ኤርሳ። «በሐሰትም አልማለችም። በረዶ የሚያወርድ ነገር አልተናገረችም። ቆየህ ነው ያለችው።» ሽማግሌው የገበየሁን ሽበት፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዙን፣ ያንን አሮጌ ስልቻ በእጁ አመለከተ። «እስቲ አንተ ንገረኝ ኦይቻ፣ ይህ ሰው ቆይቷል ወይስ አልቆየም?»

ኦይቻ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው ይባላል።

«ቆይቷል» አለ በመጨረሻ፤ ተቀመጠም።

በዚህ ዓይነት ገበየሁ በዶልባ ቀረ። መቅረቱ ግን ሠርግና ጭፈራ እንዳልነበረ ሽማግሌዎቹ አይሸሽጉም። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ያረጁ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ልጅነት የማያውቅ፣ ምን ያወራሉ? እሷ ስለ እናቷ ስትነግረው ያዳምጣል፣ ግን አዎ አስታውሳለሁ ብሎ አያውቅም። እሱ ስለ በቅሎዎችና ስለ ቆላ ከተሞች ሲነግራት እሷ ታዳምጣለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ገበየሁ ጎርፍ ወዳለበት ሸለቆ ይወርድና አፋፉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ «እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ይጮኻል» ይላታል። እሱ ነው አይላትም፤ እሷም አትጠይቀውም። ሆኖም ከማዶ ሸንተረር ቀርከሃ ቆርጦ እያመጣ ቤቱን እንደገና አስጎነጎነላት፤ ዳሮቴም ከልጅነቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ገባችበት። ማምሻውን በሩን የሚዘጋው እሱ ሆነ። ወደ ደጅ ብቅ ማለቱን ግን እሷ አልተወችም።

እንዲህ ሆነው ዓመታት እንደኖሩ አንድ የጨው ነጋዴ በነፋስ በር ገባ። ገበየሁና ኦይቻ ቀርከሃ ተሸክመው ሲመጡ እዚያው ማለፊያው ላይ ተገናኙ። ነጋዴው ዶልባ ይህ እንደሆነ ጠይቆ ሲያረጋግጥ፣ አደራ እንዳለበት ነገራቸው። ሩቅ ቆላ ውስጥ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ባለ መንደር፣ ጀልባ ሲሠራ የኖረ ሽማግሌ ሞቷል። በሞት አልጋው ላይ ሆኖ አገሩ ዶልባ፣ ስሙ ዎልቃ እንደሆነ ተናግሯል። ዳሮቴ የምትባል እህቱ በሕይወት ካለች እንዲነግሯት፣ ለእሷም ክፉ እንዳልገጠመው፣ ልጆችም እንዳሉት እንዲሉለት ለምኗል።

ኦይቻ ሸክሙን አወረደ። ይህ ወሬ መንደር ከገባ ከጎኑ የቆመው ሰው በዚህ ተራራ ላይ ምንም እንደሌለው ይታወቃል፤ ዳሮቴ ስትሞት ጓሮውም ወደ ኦይቻ ይመለሳል። ይህን እያወቀ ነው እንግዲህ ኦይቻ የገበየሁን ክንድ ይዞ ወደ ዳር የወሰደው።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለው በሹክሹክታ። «ነጋዴውን ጨዉን ገዝተን በመጣበት እንሸኘዋለን። አንተም አልሰማህም።»

ገበየሁ ራሱን ነቀነቀ። «የሷ ነው ወሬው» አለ። «የእኔንም ወሬ ሰው ቤቴ ድረስ ቢያደርስልኝ ኖሮ የት በደረስኩ።»

ሄዶ ነገራት። ነጋዴው ያለውን አንድም ሳያጎድል፣ ጀልባውንም፣ ሐይቁንም፣ ልጆቹንም ነገራት። ዳሮቴ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለችና ማልቀስ ጀመረች፤ እናቷ ሳታለቅስ የሞተችውን፣ አባቷ በቆላ ሲንከራተት ያላለቀሰውን ሁሉ ጨምራ አለቀሰች ይባላል። መንደሩ ተሰበሰበ። ሐዘኑ ሲበርድ፣ ሰዉም ወደየቤቱ ሲበተን፣ ገበየሁ ስልቻውን ከተሰቀለበት አወረደና በር ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?» አለችው ዳሮቴ።

«ወንድምሽ ታወቀ እኮ። እኔ አሁን ምንሽ ነኝ?»

«ዎልቃ አልተመለሰም» አለች። «ወሬው ነው የደረሰኝ። ቆየህ ያልኩት አንተን ነው። ያን ቀን እኮ አይቼህ ነው ያልኩህ፣ ተሳስቼ አይደለም። አስቀምጥ ያንን።»

ስልቻው ወደተሰቀለበት ተመለሰ። በማግስቱ ኦይቻ ማለፊያው ላይ ያወረደውን ቀርከሃ ራሱ ተሸክሞ መጥቶ ከዳሮቴ ደጅ አስቀመጠ፤ ማንም ምንም አልጠየቀውም።

ዳሮቴ ከገበየሁ ቀድማ ሞተች። በቀብሯ ላይ ከሬሳው ራስጌ የሚቀመጠው የሥጋ ወንድም ነው፤ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ሰዉ ሁሉ ሲያየው፣ ገበየሁን እጁን ይዞ ወስዶ ያስቀመጠው ኦይቻ እንደነበረ ይነገራል። ጓሮውን ኦይቻ ወሰደ፤ ሥርዓቱ ነውና ገበየሁም አልተቃወመም። ቤቱ ግን ለገበየሁ ቀረለት፤ ቆጮውም ከዚያው ጓሮ ይሄድለት ነበር።

ብቻውን ከቀረ በኋላ ገበየሁ ቤት መዋል አልሆነለትም። ጠዋት ጠዋት ወደ ነፋስ በር ይወጣና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከቆላ የሚወጣ ሰው ሲያይ፣ ጨው ነጋዴም ይሁን ለማኝ፣ የሚያውቀውም ይሁን የማያውቀው፣ ተነስቶ «ቆየህ» ይለዋል። ወጣቶቹ ለምን እንደዚህ እንደሚል ሲጠይቁት፣ «ከሚመጣው ውስጥ ማን ቤቱን እንደሚፈልግ በምን አውቃለሁ? ሁሉንም ማለት ይሻላል» ይላቸው ነበር። የራሱን ወንዝ ሳያገኝ፣ ከየትኛው ተራራ እንደሆነ ሳያውቅ ሞተ። እሱ ከሞተ በኋላ በድንጋዩ አጠገብ የሚያልፉ ሰዎች እንግዳ ሲያዩ ቃሏ በራሷ ከአፋቸው ትወጣ ጀመር፤ እስኪለምዱት ድረስም ለምን እንደሚሉት አላሰቡም ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ዛሬ ነፋስ በር ድረስ መኪና የሚያወጣ መንገድ ተቀዷል። ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ተሳፋሪ አውርደው ሳይጨርሱ «ቆየህ» ይላሉ፣ እየሳቁም ቢሆን። ጉም በወረደ ቀን ደግሞ ማለፊያው ላይ የቆመ ሰው የገዛ እጁን እንኳ አጥርቶ አያይም። ከታች የእግር ኮቴ ይሰማል፣ ድንጋይ ይንከባለላል። የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የአገር ልጅ ይሁን ባዳ፣ ሰውም ይሁን የጠፋች በቅሎ፣ የሚታወቅበት መንገድ የለም። የዶልባ ሰው ግን ኮቴውን እንደሰማ ፊቱን ወደ ጉሙ ያዞርና ያችን አጭር ቃል ይናገራል። ከዚያም መልስ እስኪመጣ ጆሮውን ጥሎ ይቆማል።